በረዶ የሚሰብር የጭነት መርከብ፦ ከግንባሩ ቅርጽ እስከ ውሃ መሳቢያው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአርክቲክ ባሕሮች ያለ አጃቢ በረዶ እየሰበሩ ጭነት ስለሚያመላልሱ መርከቦች ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ተራ የጭነት መርከብ ወስዶ ፊቱንና ጎኑን በወፍራም ብረት መለበጥ ለምን አይበቃም? አዲስ ከመሥራት ይረክሳል ባይ ነኝ።

መልስ፦ ተሞክሯል። በ1969 ‹ማንሃተን› የተባለው 306 ሜትር ርዝመት ያለው የአሜሪካ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በረዶ ሰባሪ ግንባር ተገጠመለት፣ ጎኖቹም ተጠናከሩ፤ ከዚያ በሰሜን ካናዳ ደሴቶች መሃል በሚያልፈው የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ በኩል ወደ አላስካ ተላከ። ደርሷል፤ ብቻውን ግን አልደረሰም። ማክሉር ሰርጥ ውስጥ በረዶ ሲይዘው ያስለቀቀው የካናዳው በረዶ ሰባሪ ‹ጆን ኤ. ማክዶናልድ› ነው። መንገዱንም ቀይሮ በፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ሰርጥ ማለፍ ግድ ሆነበት። የጎደለው ብረት ብቻ አልነበረም። በእንፋሎት ተርባይን የሚነዳ መርከብ ወደ ኋላ ሲሄድ ያለው ጉልበት ወደ ፊት ካለው በጣም ያነሰ ነው፤ በረዶ ውስጥ ደግሞ ወደ ኋላ መውጣት የማይችል መርከብ ወደ ፊት መሄዱም አጠራጣሪ ነው።

ከውፍረት በፊት ቅርጽ ይመጣል። የባሕር በረዶ ሲጨፈለቅ ጠንካራ፣ ሲለመጥ ግን ደካማ ነው። የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው በረዶ ለመለመጥ ያለው ጥንካሬ ግማሽ ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው፤ ለመጨፍለቅ ግን ከ2 እስከ 5 ሜጋ ፓስካል፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ቀጥ ብሎ የቆመ ግንባር በረዶውን ለመጨፍለቅ ይገደዳል፤ አስቸጋሪውን መንገድ መርጧል ማለት ነው። ከውሃው ወለል ጋር ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ጋደል ብሎ የተሠራ ግንባር ግን በረዶው ላይ ይወጣና በራሱ ክብደት ወደ ታች ለምጦ ይሰብረዋል። ከግንባሩ ግርጌ ደግሞ ‹የበረዶ ቢላዋ› የሚባል ወፍራም ብረት ይደረጋል። ሥራው መርከቡ ከመጠን በላይ ወጥቶ በረዶ ላይ እንዳይቀመጥ መከላከል ነው።

መስበር ግን የሥራው ግማሽ ነው። የተሰበረው ቁራጭ መገልበጥ፣ መስጠም፣ በሆዱ ሥር ተንሸራቶ መውጣት አለበት፤ ከጉልበቱ ትልቅ ድርሻ የሚበላውም ይኸው ነው። ለዚህ ነው የቀለም ነገር እንደ ውበት የማይታየው። አዲስ በተቀባ ለስላሳ ቀፎ (የመርከቡ ውጫዊ አካል) ላይ የበረዶ ሰበቃ 0.05 አካባቢ ይሆናል። ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ሲዝግ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ያው መርከብ፣ ያው ሞተር፣ ግን የሚሰብረው የበረዶ ውፍረት ቀነሰ ማለት ነው። በረዶው ላይ ያለ አዲስ አመዳይም እንዲሁ ሰበቃ ስለሚጨምር ከውፍረቱ በላይ ያደክማል።

ሌላው የጭነት መርከብ መለያ ረጅምና ቀጥ ያለ መካከለኛ ክፍሉ ነው። ቀጥ ያለ ጎን በረዶ አይሰብርም፤ ሲታጠፍ በግንባሩ የከፈተው መንገድ ጎኑን ይይዘዋል። ስለዚህ ከግንባሩ በስተኋላ ያለውን ትከሻ ከመሃሉ በጥቂቱ አስፍቶ መሥራት የተለመደ ነው። ክፍት ባሕር ላይ ጥቂት ነዳጅ ያስወጣል፤ ለመታጠፍ ግን ቦታ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ መርከቡ ሳይሠራ ስንት ሜትር በረዶ እንደሚሰብር እንዴት ይታወቃል? በኮምፒውተር ብቻ ነው? (የምህንድስና ተማሪ)

መልስ፦ መጀመሪያ የሚጠየቀው የት፣ መቼና ምን ጭኖ እንደሚሄድ ነው። የበረዶውን ውፍረት በግምት ለማግኘት የሩሲያው ተመራማሪ ሌበዴቭ ያወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራል፦ ውፍረት በሴንቲሜትር = 1.33 × (የብርድ ድምር)^0.58። የብርድ ድምር ማለት የባሕር ውሃ ከሚረጋበት ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ይበልጥ የቀዘቀዙት ዲግሪዎች የየቀኑ ድምር ነው። 150 ቀን በአማካይ ከመርጊያው ነጥብ 25 ዲግሪ ዝቅ ካለ ድምሩ 3,750 ይሆናል፤ ውፍረቱም 1.57 ሜትር ገደማ። ይህ ሜዳ በረዶ ነው። ነፋስ አጋጭቶ የከመረው ጉብታ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከውሃ በታች 10 እና 15 ሜትር የሚወርድ ይገኛል፣ መሃሉ ደግሞ ከዙሪያው ሜዳ በረዶ የወፈረ አንድ ወጥ ንብርብር ሆኖ ይረጋል። መርከብን ሜዳ በረዶ ሲያዘገየው ጉብታ ያቆመዋል፤ ‹ይህን ያህል ሜትር ይሰብራል› የሚል ቁጥር ስታዩ ስለ ጉብታ ምን እንደተባለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከስሌቱ ቀጥሎ የበረዶ ገንዳ ሙከራ ይመጣል። ሄልሲንኪ የሚገኘው የአከር አርክቲክ ኩባንያ ገንዳ 75 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ስፋት አለው፤ ሃምቡርግና ሴንት ፒተርስበርግም ተመሳሳይ ገንዳዎች አሉ። 200 ሜትር የሚሆን መርከብ በ25 ተካፍሎ 8 ሜትር ሞዴል ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ የሚያንሰው የበረዶው ውፍረት ብቻ አይደለም፣ ጥንካሬውም በ25 መካፈል አለበት። 2 ሜትር በረዶ 8 ሴንቲሜትር፣ 500 ኪሎ ፓስካል ደግሞ 20 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ተራ በረዶ ቢጠቀሙ ሞዴሉ ድንጋይ እንደገፋ ይቆጠራል። ስለዚህ ጨው ወይም ሌላ ንጥረ ነገር በተጨመረበት ውሃ ላይ ደቃቅ ጉም ይረጫል፤ ትናንሽ ክሪስታሎች ይይዛሉ፤ በረዶው ከወፈረ በኋላ ክፍሉን ሞቅ አድርገው ሆን ብለው ያዳክሙታል። የዳከመውን መጠን የሚለኩት ከሜዳው ላይ እንደ ምላስ የወጣ ቁራጭ በሦስት ጎኑ ቆርጠው ጫፉን ወደ ታች በመጫን ነው፤ የሰበረው ኃይል ይመዘገባል። በረዶው በየሰዓቱ ስለሚዳከም ሙከራው ከልኬቱ ጋር ተያይዞ መካሄድ አለበት።

ፍጥነት በ25 ስኩዌር ሩት ማለትም በ5 ይካፈላል፤ የ2 ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ) ጉዞ ሞዴሉ ላይ በሰከንድ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የተለካውን ኃይል ወደ እውነተኛው መርከብ ለመመለስ በ15,625 ይባዛል። ልብ በሉ፤ ሞዴሉ ላይ የ1 ኒውተን ስህተት መርከቡ ላይ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ኃይል ነው። የሞዴሉ ቀለም ሰበቃም ሳይለካ አይታለፍም፤ ጥሩ የሚመስሉ ውጤቶች ባሕር ላይ ሲወድቁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ግዙፍ መርከብ በረዶ ውስጥ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ግንባሩ ተጎድቶ ነው?

መልስ፦ አልተጎዳም፤ እንደዚያ እንዲሄድ ነው የተሠራው። ነገሩ ከፊንላንድ የመጣ ነው። አዚፖድ የሚባለው መሣሪያ የኤሌክትሪክ ሞተሩን ከመርከቡ ሆድ ሥር በተንጠለጠለ ቅርፊት ውስጥ ይዞ ከነፕሮፔለሩ 360 ዲግሪ ይዞራል፤ መሪም እሱ ራሱ ነው። በ1990 ‹ሰይሊ› በተባለች አነስተኛ የሥራ መርከብ ላይ ተሞከረ፤ በ1993 ‹ኡይኩ› የተባለው ነዳጅ ጫኝ 11.4 ሜጋ ዋት አዚፖድ ተገጠመለት፤ በ1997ም በሩሲያ ሰሜናዊ ዳርቻ በሚያልፈው የሰሜን ባሕር መስመር አለፈ። ጥቅሙ ፕሮፔለሩ ቀድሞ፣ ኋላው እንደ ግንባር ሆኖ ሲሄድ በግልጽ ታየ።

ምክንያቱ ሦስት ነው። ፕሮፔለሩ ከበረዶው ሥር ውሃ ስለሚስብ በረዶው ድጋፍ ያጣና ቶሎ ይሰበራል። የሚገፋው ውሃ በቀፎው ዙሪያ እየታጠበ ያልፋል፤ ሰበቃው ይቀንሳል። ጉብታ ሲገጥም ደግሞ የፕሮፔለሩ ቅጠሎች የጉብታውን እግር እየፈጩ ይበትኑታል። እዚህ ላይ የመርከቡ ነጂ ጠባይ ወሳኝ ነው፦ ወደ ጉብታ በፍጥነት መንደርደር አይደለም፣ ተጠግቶ ዝግ ብሎ ማስፈጨት ነው። ተንደርድሮ የገባ ሰው ትልቅ የበረዶ ብሎክ በቅጠሎቹ መሃል ይሰነቅራል።

ትልቁ ትርፍ የሚታየው በግንባሩ ላይ ነው። በረዶውን ኋላው ከሰበረው ግንባሩ ለክፍት ባሕር ሊቀረጽ ይችላል። ጃፓን ውስጥ በሱሚቶሞ የተሠሩት ‹ቴምፔራ› (2002) እና ‹ማስቴራ› (2003) 106,000 ቶን የሚሸከሙ ሲሆኑ ከውሃ በታች እንደ አምፖል ያበጠ ግንባር አላቸው። ይህ ቅርጽ ማዕበል ላይ ነዳጅ ይቆጥባል፤ በረዶ ላይ ግን ከንቱ ነው። በ16 ሜጋ ዋት አዚፖድ በኋላቸው ይሰብራሉ። በ2006 የወጣው ‹ኖሪልስኪ ኒኬል› በ13 ሜጋ ዋት 1.5 ሜትር በረዶ ይሰብራል። ከሁሉ የገዘፈው ከሩሲያዋ የያማል ልሳነ ምድር ጋዝ የሚያመላልሱት የያማል ጋዝ ጫኞች ቤተሰብ ነው፦ በ2017 የመጀመሪያው ‹ክሪስቶፍ ደ ማርዠሪ› ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ተሠርቶ ወጣ። ርዝመቱ 299 ሜትር፣ ወርዱ 50 ሜትር፣ የጋዝ መጠኑ 172,600 ሜትር ኩብ ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሜጋ ዋት የሆኑ ሦስት አዚፖዶች አሉት። በኋላው እስከ 2.1 ሜትር በረዶ ይሰብራል፤ ክፍት ባሕር ላይ 19.5 ኖት ይሄዳል። እንዲህ ያሉ 15 መርከቦች ተሠርተዋል።

ዋጋም አለው። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ለሁለቱም አቅጣጫ መስኮትና መሪ ይፈልጋል። የመኖሪያ ክፍሉ ከፕሮፔለሮቹ በላይ ስለሆነ ንዝረቱና ጩኸቱ ለሠራተኛው ከባድ ነው። የኋላው ብረትም እንደ ግንባር መጠናከር አለበት፤ በመርከብ ጥንካሬ ሕጉ ስሌት ውስጥ ኋላው ‹ግንባር› ተብሎ ነው የሚቆጠረው።

ጥያቄ፦ በብየዳ ሥራ ላይ ነኝ። ላሜራው ስንት ሚሊሜትር ነው? ምን ዓይነት ብረት? ብየዳውስ ከሌላ መርከብ በምን ይለያል?

መልስ፦ ከላሜራው በፊት ከጀርባው ሆነው የሚደግፉትን ብረቶች፣ ማለትም ጎድኖቹን ይመልከቱ። የላሜራው ውፍረት በጎድኖቹ መራራቅ ልክ ያድጋል። በባልቲክ ባሕር በረዶ ውስጥ ለሚሄዱ መርከቦች በወጣው የባልቲክ ሕግ ቀመር መሠረት በግምት እናስላ፦ የበረዶው ግፊት 2.5 ሜጋ ፓስካል፣ የብረቱ ጥንካሬ 355 ሜጋ ፓስካል ቢሆንና ጎድኖቹ በ350 ሚሊሜትር ቢራራቁ ወደ 20 ሚሊሜትር ይመጣል። ርቀቱን 700 ብናደርገው ወደ 39 ይዘላል። ለመፋቅ የሚተወው 2 ሚሊሜትር በሁለቱም ላይ ይታከላል። የጭነት መርከብ ላይ አንድ ሚሊሜትር ቀላል አይደለም። 200 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ቁመት ያለው የበረዶ ቀበቶ (በረዶ የሚነካው የተጠናከረ የጎን ክፍል) በሁለት ጎን 3,200 ካሬ ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 25 ቶን ብረት ይጨምራል፣ ያ ሁሉ ጭነት የማይጫንበት ክብደት ነው። ስለዚህ ጎድኑን ማቀራረብ ላሜራውን ከማወፈር ይሻላል፤ ቀበቶው ላይ ከ350 እስከ 400 ሚሊሜትር የሚራራቁ ጎድኖች የተለመዱት ለዚህ ነው። ብዙ ጎድን ብዙ ብየዳ ማለት መሆኑን እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል።

የቀበቶው ቁመት ራሱ የጭነት መርከብ ዕዳ ነው። አጃቢ በረዶ ሰባሪ ሁልጊዜ ከሞላ ጎደል በአንድ ጥልቀት ይቀመጣል። ጭነት ጫኙ ባዶ ሲሆን ይንሳፈፋል፣ ሲሞላ ይሰጥማል፤ የበረዶው መስመርም አብሮት ይወጣል ይወርዳል። ከባዶው መስመር በታች እስከ ሙሉው መስመር በላይ ያለው ሁሉ መጠናከር አለበት።

ብረቱ ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት እንዳይሰበር በመዶሻ ተመትቶ የሚመጠው ጉልበት የሚለካበትን የሻርፒ ፈተና ያልፋል። በስሙ ውስጥ ‹ኢ› ያለው ከዜሮ በታች 40፣ ‹ኤፍ› ያለው ደግሞ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ይፈተናል፤ የ355 ጥንካሬ ያለው ብረት በላሜራው ርዝመት አቅጣጫ 34 ጁል መምጠጥ ይጠበቅበታል። የትኛው ክፍል የትኛውን ደረጃ እንደሚያገኝ የሚወስነው ከአየሩ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለው ብረት ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ በታች አይወርድም፤ ከውሃው መስመር በላይ ያለው ግን የአየሩን ብርድ ሁሉ ይቀበላል።

አሁን ወደ እጅዎ ሥራ። ቀበቶው ላይ ጎድኑ ከላሜራው ጋር በሁለቱም ጎን በማይቋረጥ ብየዳ ይያያዛል፤ እየዘለሉ መበየድ አይፈቀድም። በጎድኑ ግርጌ የሚቆረጠው ግማሽ ክብ ቀዳዳም የላሜራ መጋጠሚያ በሚያልፍበት ቦታ ካልሆነ በቀር የተከለከለ ነው፤ የበረዶው ጫና የሚሰነጥቀው እዚያ ጋ ነው። ጎድኑ ከላሜራው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ካልሠራ በጫና ወደ ጎን ይወድቃል፤ ስለዚህ ከ1.3 ሜትር ባልበለጠ ርቀት የጎን ድጋፍ ይሰጠዋል። ግንባር ላይ ጎኑ ጋደል ስላለ ይህ በየቦታው ያጋጥማል። ለወፍራም ላሜራ ቅድመ ማሞቂያ፣ የደረቀ ኤሌክትሮድና ዝግ ያለ መቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ብየዳው ውስጥ የገባ ሃይድሮጅን ወዲያው አይሰነጥቅም፤ ስለዚህ ፍተሻው ብየዳው ባለቀ በማግስቱ ሳይሆን 48 ሰዓት ከተቆየ በኋላ ይደረጋል። ቸኩሎ ፈትሾ ‹ደህና ነው› ያለ ሰው ስንጥቁን የሚያገኘው መርከቡ ውሃ ላይ ከወረደ በኋላ ነው።

በዋልታ ደረጃዎች ሕግ ለመፋቅ የሚተወው ውፍረት ከፍ ይላል፦ ለፒሲ 4 (ከታች የምናብራራው የጥንካሬ ደረጃ) መርከብ ግንባር ጥሩ መከላከያ ቀለም ካለ 2.5፣ ከሌለ 5 ሚሊሜትር ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮፔለሩ በረዶ ሲመታ አይሰበርም?

መልስ፦ ይመታል፣ አንዳንዴም ይሰበራል፤ ቁም ነገሩ ምን ቀድሞ ይሰበር የሚለው ነው። ንድፉ በቅደም ተከተል ነው፦ ቅጠሉ ከሻፍቱ፣ ሻፍቱም ከመሸከሚያዎቹና ከማርሹ ቀድሞ እንዲሸነፍ ይደረጋል። ቅጠል በቡሎን የሚታሰር ከሆነ አንዱ ብቻ ተፈቶ ይቀየራል፤ የታጠፈ ሻፍት ግን መርከቡን ከውሃ ያወጣዋል።

ሁለተኛው ችግር መቆም ነው። በቀጥታ ከሻፍቱ ጋር የተያያዘ ናፍጣ ሞተር ፕሮፔለሩ በረዶ ሲፈጭ ዙሩ ይወርድና ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒቱ ብዙ ነው። ከ1982 እስከ 1987 ፊንላንድ ለሶቪየት ኅብረት የሠራቻቸው 19 ኤስ.ኤ.15 የሚባሉ የአርክቲክ ጭነት መርከቦች በሞተሩና በማርሹ መካከል በዘይት የሚንሸራተት ማያያዣ ነበራቸው፤ ፕሮፔለሩ ቢያዝ እንኳ ሞተሩ ይዞራል። ከካናዳዋ ላብራዶር ኒኬል የሚያመላልሰው ‹ኡሚያክ 1› (2006) በ22 ሜጋ ዋት አንድ ትልቅ ሞተርና ቅጠሉን በሚያዞር ፕሮፔለር ይሠራል። የቅጠሉ ማዕዘን ሲቀንስ ሸክሙ ይቀልለታል። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን ዙሩ ቢወርድም ሙሉ የማዞር ጉልበቱን ስለማይለቅ በዝግታ ለሚሠራ በረዶ ሰባሪ ከሁሉም ይስማማል፤ የሚያስከፍለው በጄኔሬተርና በኮንቨርተር በኩል የሚባክነው ኃይል ነው። በእኛ ግምት መንገዱ አብዛኛው ክፍት ባሕር ለሆነ መርከብ የ‹ኡሚያክ› ዓይነቱ ቀላልና የማይናቅ ምርጫ ነው።

ጥያቄ፦ በዓለም ቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሞተር ከመጠን በላይ ሞቆ ቆመ የሚል አነበብኩ። ቀልድ መሰለኝ።

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በባሕር ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ ከተፈጨ በረዶ ጋር ይመጣል። መርከቡ የሰበረው በረዶና በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ክሪስታል በመሳቢያው ቀዳዳ ገብቶ ወንፊቱን ይደፍናል። የፓምፑ ግፊት መወዛወዝ ይጀምራል፣ የሞተሩ ሙቀት ይወጣል፣ መቆጣጠሪያው ኃይል ይቀንሳል። ኃይል ያጣ መርከብ በረዶ መሃል ይቆማል፤ ሲቆም ይበልጥ ይያዛል።

መፍትሔው ከፍ ያለ የባሕር ውሃ ሳጥን ነው። ቢያንስ አንዱ መሳቢያ በመርከቡ መሃል መስመር አካባቢ፣ ከተቻለ ወደ ኋላ ተጠግቶ ይቀመጣል፤ በረዶ ወደዚያ የመድረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ሳጥኑ ሰፊ የሚሆነው ውሃው ዝግ ብሎ በረዶው ወደ ላይ እንዲንሳፈፍ ነው፤ ፓምፑ ከታች ይስባል። የባልቲክ ሕግ መመሪያ ረዳት ሞተሮችን ጨምሮ ለየ750 ኪሎ ዋት አንድ ሜትር ኩብ ይላል። በድምሩ 15,000 ኪሎ ዋት ላለው መርከብ 20 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል ማለት ነው። የወንፊቶቹ ክፍት ቦታ ከመሳቢያ ቧንቧው ስፋት ቢያንስ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ከሞተሩ ሞቆ የሚወጣውን ውሃ በሙሉ መጠን ወደ ሳጥኑ የሚመልስ ቧንቧ መኖር አለበት፤ በረዶውን የሚያቀልጠው እሱ ነው። ይህን ቧንቧ አቅጥነው የሠሩ ሰዎች ቫልቩን ከፍተው በረዶው አይቀልጥም ብለው ይገረማሉ።

የአሠራር ስህተቱም አንድ ዓይነት ነው፦ የመመለሻ ቫልቩን ወንፊቱ ከተደፈነ በኋላ መክፈት። በረዶ ከመግባት በፊት ይከፈታል፤ ሁለተኛው ሳጥን ተዘጋጅቶ ይቆያል። ባዶ መርከብ ላይ አደጋው ይብሳል፤ መሳቢያው ወደ ውሃው ወለል ስለሚቀርብ። መውጫ ሲጠፋ የማቀዝቀዣውን ውሃ ከአንድ የባላስት ታንክ (መርከቡን ለማመዛዘን ውሃ የሚሞላበት ታንክ) ጋር አዙሮ ለተወሰነ ጊዜ መሥራት ይቻላል፤ ታንኩ እስኪሞቅ ድረስ ጊዜ ይገዛል።

ጥያቄ፦ ፒሲ፣ አርክ፣ 1ኤ ሱፐር የሚባሉት ደረጃዎች ምንድን ናቸው? መርከቡ የት መግባት እንደሚችል በእነሱ ይታወቃል?

መልስ፦ ከ1 እስከ 7 ያሉት የፒሲ ደረጃዎች ዓለም አቀፍ ናቸው፤ ፒሲ 1 ከሁሉም ይጠነክራል። ፒሲ 4 ማለት ዓመቱን ሙሉ በወፍራም የአንድ ዓመት በረዶ ውስጥ፣ አልፎ አልፎ አሮጌ በረዶ ቢያጋጥምም፣ መሥራት የሚችል ነው። 1ኤ ሱፐር የባልቲክ ነው፤ ከፒሲ 6 ጋር ይቀራረባል። አርክ የሩሲያ ነው፤ የያማል መርከቦች አርክ 7 ናቸው።

መግባት መቻሉን ግን ደረጃው ብቻውን አይወስንም። በዋልታ ባሕሮች ለሚሄዱ መርከቦች የወጣው ዓለም አቀፍ ሕግ፣ የዋልታ ኮድ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ፖላሪስ የሚባል ስሌት አብሮ መጣ። ለእያንዳንዱ የበረዶ ዓይነት በመርከቡ ደረጃ ልክ ነጥብ ይሰጣል፤ ባሕሩ በአሥር ተከፍሎ ነጥቡ ይባዛል፣ ይደመራል። ለምሳሌ በክረምት ከአሥሩ እጅ 7ቱ ወፍራም የአንድ ዓመት በረዶ፣ 2ቱ የሁለት ዓመት በረዶ፣ 1ዱ ክፍት ውሃ ቢሆን ፒሲ 4 መርከብ 7×1 + 2×0 + 1×3 = 10 ያገኛል፤ ያልፋል። ፒሲ 6 ግን 7×(−1) + 2×(−2) + 3 = −8 ይሆናል፤ በ3 ኖት ተወስኖ፣ በጥንቃቄ ይሂድ ይባላል። ፒሲ 7 ወደ −17 ይወርዳል፤ አይግባ። በዚህ ስሌት ውስጥ 2ቱ እጅ አሮጌ በረዶ ምን ያህል እንደሚያጎድል ልብ በሉ፤ አሮጌ በረዶ ጨዉ ስለወጣለት ከአዲሱ በጣም ይጠነክራል።

ጥያቄ፦ ሩሲያ በኑክሌር የሚሠሩ በረዶ ሰባሪዎች እያላት የጭነት መርከቡ ለምን ራሱ ይሰብራል?

መልስ፦ አንደኛ ወረፋ ነው፤ አጃቢ መጠበቅ ጭነት አቁሞ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ወርድ ነው። አዲሶቹ የ‹አርክቲካ› ቤተሰብ በረዶ ሰባሪዎች 34 ሜትር ወርድ አላቸው፤ 50 ሜትር የሆነ ጋዝ ጫኝ ከኋላቸው ቢከተል ትከሻውን ራሱ መስበር አለበት። የጠበበ መንገድ ውስጥ የሚገባ ሰፊ መርከብ አንዳንዴ ካልተሰበረ በረዶ የባሰ ይቸገራል፤ ጠርዙ ሁለቱንም ጎን ስለሚፈትገው።

ጥያቄ፦ ከበረዶው ሌላ ብርዱ ራሱ ምን ያበላሻል?

መልስ፦ መጀመሪያ የታንክ መተንፈሻ ቧንቧዎችን። የባላስት ታንክ መተንፈሻ በበረዶ ከተዘጋ በኋላ ፓምፑ ውሃ ሲስብ አየር የሚገባበት የለም፤ ታንኩ ውስጥ የሚፈጠረው ክፍተት የታንኩን ግድግዳ ወደ ውስጥ ሊያጣምመው ይችላል። መተንፈሻዎቹ በኤሌክትሪክ ገመድ ይሞቃሉ፤ ፓምፑን ከማስነሳት በፊት ግን ሄዶ በዓይን ማየትን የሚተካ የለም። ከውሃው መስመር በላይ ያለው የባላስት ውሃ እንዳይረጋ በአየር አረፋ ይናጣል ወይም ይሞቃል።

ሁለተኛው የሞተሩ አየር ነው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያለ አየር 15 ዲግሪ ካለው 24 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ሞተሩ ብዙ አየር ሲውጥ የሲሊንደሩ ግፊት ከልክ ያልፋል፤ ስለዚህ አየሩ ቀድሞ ይሞቃል ወይም ትርፉ በቫልቭ ይለቀቃል። የሞተር ክፍሉን አየር ልጠቀም ያለ ደግሞ ክፍሉን ራሱን ያቀዘቅዘውና በማግስቱ የረጋ የውሃ ቧንቧ ይጠግናል።

ሦስተኛው መርከቡ ላይ የሚጋገረው በረዶ ነው። የዋልታ ኮዱ የመርከቡ ሚዛን ሲሰላ በተጋለጠ ወለል ላይ በካሬ ሜትር 30 ኪሎ፣ በየጎኑ ደግሞ 7.5 ኪሎ ይቆጠር ይላል። 2,000 ካሬ ሜትር ወለል ላይ 60 ቶን ማለት ነው፤ ያውም ከላይ፣ መርከብን የመገልበጥ አቅሙ በሚበረታበት ቦታ።

ጥያቄ፦ መርከቡ አንድ ክረምት ከሠራ በኋላ ለጥገና ሲወጣ ምን ይታያል?

መልስ፦ ከትከሻው ይጀመራል፤ ቀለሙ ቀድሞ የሚጠፋው እዚያ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ላሜራው ላይ ተደርጎ በጎድኖች መካከል የገባው ጉድጓድ ይለካል። ላሜራው ብቻ ገብቶ ጎድኖቹ ቀጥ ካሉ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ ጎድኑ አብሮ ከታጠፈ ግን ይቆረጣል። ውፍረቱ በአልትራሳውንድ ይለካና ከግንባታው መዝገብ ጋር ይነጻጸራል፤ ብየዳው መስመር አጠገብ ቦይ መስሎ የተበላ ብረት ካለ በተለይ ይፈለጋል።

ወደ ሆዱ ሲወረድ የመንገዋለል መቀነሻ ክንፎቹ ይታያሉ። እነዚህ ረጅም አንድ ወጥ ሆነው ሳይሆን ተቆራርጠው ነው የሚሠሩት፤ በረዶ አንዱን ቢነቅል ቀፎውን እንዳይቀድ። ዝገት የሚከላከሉት የዚንክ ቁራጮች ላይገኙ ይችላሉ፤ በረዶ እየላጠ ይወስዳቸዋል። የፕሮፔለር ቅጠሎች ጫፍ ይታያል፣ መታጠፉ ይለካል፣ ሥሩ ላይ ስንጥቅ በቀለም ይፈተሻል። የሻፍቱ ወይም የአዚፖዱ ማኅተም ዘይት ያፈስስ እንደሆነ ይታያል፤ የአዚፖዱ መሸከሚያ ዘይት ናሙና ተወስዶ የብረት ብናኝና ውሃ ይፈለግበታል። የባሕር ውሃ ሳጥኖቹ ይከፈታሉ፤ ወንፊቱን የያዙት ቡሎኖች ላልተው የተገኙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መጨረሻ ላይ የጥልቀት ቁጥሮቹ ይታያሉ፦ በቀለም ብቻ የተጻፉ ከሆነ አንድ ክረምት አይቆዩም፤ ስለዚህ በብየዳ ጎልተው ይጻፉና ቀለም ይቀባባቸዋል።